የናስ ፕሪሙስ ጥገና፦ የሥራ ማስታወሻ ከቡራዩ

ማክሰኞ

ከምናለሽ ተራ የመጣው ዕቃ በነጭ ጋዝ የሚሠራ ባለ ፓምፕ የናስ ፕሪሙስ ነው። ሻጩ «የጣልያን ጊዜ ፉርኔሎ» ብሎታል። አዲስ አበባ ውስጥ ናስ የሆነ አሮጌ ዕቃ ሁሉ «የጣልያን» ስለሚባል ይህን ለጊዜው ወደ ጎን ትተነዋል።

ያለበት ሁኔታ፦ ታንኩ በጥላሸትና በደረቀ ዘይት ጠቁሯል። እግሮቹ የራሱ አይደሉም፤ ባለ 6 ሚሊ ፌሮ ታጥፎ ከታንኩ ጆሮዎች ጋር ተበይዷል። የድስት ማስቀመጫ ቀለበቱ የለም። የፓምፑ ዘንግ ሲገፋ ያለ ምንም ተቃውሞ ሰተት ብሎ ይወርዳል፤ ቆዳው ደርቆ ተኮማትሯል ማለት ነው። የመሙያው ክዳን ጎማ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። ከታንኩ ሥር፣ ጠርዙ ከታጠፈበት ክፍተት ውስጥ፣ የደረቀ ፍግና ገለባ ወጥቷል። ጋጣ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተጥሎ ኖሯል። ይህን መዝግበን ይዘናል፤ ናስና ጋጣ አይስማሙም።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ፓምፑ ታንኩ ውስጥ አየር ያምቃል። የታመቀው አየር ነጭ ጋዙን ተጭኖ በመሐለኛው ቱቦ ወደ ራሱ፣ ማለትም እሳቱ ወደሚነድበት የላይኛው ክፍል፣ ይገፋዋል። ራሱ አስቀድሞ በአልኮል ስለሚግል ነጭ ጋዙ እዚያ ሲደርስ ይተናል፤ ተኑ በኖዝሏ ቀጭን ቀዳዳ ተስፈንጥሮ ይወጣና ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይነዳል። ከዚያ ወዲያ ነበልባሉ የራሱን ቱቦዎች እያጋለ ሥራው ይቀጥላል። ክር የሚባል ነገር የለውም።

የጥገናው ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ ነው፦ መጀመሪያ አየር የሚይዘው፣ ቀጥሎ ነጭ ጋዙ የሚሄድበት፣ ከዚያ የሚነድበት፣ በመጨረሻ መወልወል። አብዛኛው ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ወልውሎ ያበራውና ኖዝሉን በመርፌ ይወጋጋል። አየር በማይዝ ታንክ ላይ የቱንም ያህል ንጹሕ ራስ ቢገጠም እሳቱ ከመልፈስፈስ አይወጣም።

ረቡዕ

ጽሑፉ ታንኩ ከመታጠቡ በፊት መነበብ አለበት፤ ማጽጃና ብሩሽ በስሱ የተመታን ፊደል ይበሉታል። ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጥላሸቱን ብቻ አንስተን ስስ ወረቀት አለበስነው፤ ከዚያ የእርሳስ ጫፍ በጎኑ አጋድመን በቀስታ አሸነው። በወረቀት እምቢ ያለውን ደግሞ ክፍሉን አጨልሞ የእጅ ባትሪ ከጎን ማብራት ያወጣዋል።

የወጣው ይህ ነው፦ «ፕሪሙስ»፣ ቁጥር 1፣ «ቢ. ኤ. ዮርት እና ኩባንያ፣ ስቶክሆልም»፣ ስዊድን መሠራቱን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ከታች ደግሞ ሁለት ፊደሎች። የመጀመሪያው «ኤ» መሆኑ ግልጽ ነው፤ የሁለተኛው ግማሹ ተፍቋል።

ፕሪሙስ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1892 ስቶክሆልም ውስጥ ነው። ሠሪው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት የሚባል የፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ ከዮሃን ቪክቶር ስቬንሰን ጋር ሆኖ ማምረት ጀመረ። ሽያጩን የያዘው የዮርት ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ፋብሪካውንም ጠቅልሎ ወሰደው። ስለዚህ የዮርትን ስም ብቻ ይዞ ዕድሜ መቁጠር አይቻልም፤ ከ1918 በፊትም በኋላም አለ። ዕድሜ የሚቆጠረው በፊደሉ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ ከ«ኤ» ተነሥቶ በየዓመቱ አንድ ፊደል ይመታ ነበር፤ ነጠላዎቹ ሲያልቁ ወደ ሁለት ፊደል ተሻገረ። ነጠላዎቹ ከሃያ በላይ ዓመት ይሸፍናሉ። ባለ ሁለት ፊደል ታንክ እንግዲህ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አይቀድምም። የተፋቀው ፊደል ለዚህ ድምዳሜ አያስፈልግም።

«የጣልያን» የሚለው ፋብሪካውን በተመለከተ በዚህ ወደቀ። ጊዜውን በተመለከተ ግን ሻጩ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ሁለት ፊደል የጀመረበት ዘመን ከወረራው ዓመታት ጋር ይቀራረባል።

የስዊድን ስም ሲነሣ ወዲያው ሆለታ ትዝ ይላል፤ መንገዱም እዚሁ በቡራዩ በኩል ነው። ጄኔራል ኤሪክ ቪርጊን እ.ኤ.አ. በ1934 የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆነው መጡ፤ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመራው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤትም በ1935 መጀመሪያ ተከፈተ። ከነሱ በፊት ካርል ሴደርክቪስት የሚባሉ የስዊድን ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ አዲስ አበባ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 ካርል ጉስታፍ ቮን ሮሰን የአየር ኃይሉን ሥራ ሊያደራጅ መጣ፤ በ1954 ደግሞ የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ተቋቋመ። ታሪኩ ይጥማል፤ ፕሪሙሱን ከአንዱ መኮንን ሻንጣ ጋር ማያያዝም ያጓጓል። ለዚያ ግን ታንኩ ላይ አንድም ምልክት የለም። ፕሪሙስ በመላው ዓለም የሚሸጥ የንግድ ዕቃ ነበር፤ አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ በባቡር ከጅቡቲ ጋር ተገናኝታለች፤ የገቢ ዕቃ ንግዱም በአብዛኛው በህንዶች፣ በግሪኮችና በአርመኖች እጅ ነበር። ተራው መንገድ ይህ ነው፤ ተራውን መንገድ የሚያፈርስ ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ እኛም እሱን እንይዛለን።

ራሱ ላይ የተመታው ስም ሌላ ነው፤ «ራዲየስ»፣ ሌላው የስቶክሆልም ማርክ። የአንገታቸው ጥርስ ስለሚገጥም ባለፉት ዓመታት አንዱ የሌላውን ራስ መልበሱ የተለመደ ነው። ቁጥር 1 የሚያጓራው ዓይነት ነው፤ ከላዩ ያለችው ሳህን ነበልባሉን ትመልሰውና ድምፅ ያወጣል። ድምፅ የማያሰማው ባለ ወንፊት ቆብ ቁጥር 5 ነው። የተገጠመው ራዲየስም የሚያጓራ ስለሆነ አይለወጥም።

ሐሙስ

መፍታት። የፓምፑ ክዳን በእጅ ተፈታ። ራሱ ግን ከቱቦው ጋር ተጣብቋል። እዚህ ላይ ታንኩን በሞርሳ መያዝ የለም፤ ስስ ናስ ወዲያው ይጨማደዳል። ታንኩን በጨርቅ ጠቅልሎ በጉልበት መሐል መያዝ፣ የአንገቱን ጠፍጣፋ በትክክለኛ መፍቻ መጨበጥ፣ አስቀድሞም አንገቱን በጋዝ ነበልባል ለአጭር ጊዜ ማሞቅ። ሙቀቱ አንገቱ ላይ ብቻ ይሁን፤ ቱቦው ከታንኩ ጋር የተያያዘው በስታኞ ነው፤ ቆርቆሮና እርሳስ የተደባለቀበት ስታኞ ደግሞ 190 ዲግሪ ሳይደርስ ይቀልጣል።

የፌሮ እግሮቹ በብረት መጋዝ ተቆረጡ፤ የተረፈው ጉጥ በሞረድ ወረደ። በዲስክ መቁረጫ አይሞከርም፤ ግለቱ የጆሮውን ስታኞ ያፈታል።

የውስጥ እጥበት፦ ግማሽ ሊትር ንጹሕ ነጭ ጋዝ ጨምሮ ማሳደርና በጠዋት እየናጡ መድፋት፣ የሚወጣው እስኪጠራ መደጋገም። መጀመሪያ የወጣው ጥቁር ቡናማና ሙጫ የበዛበት ነው፤ ነጭ ጋዙ ናፍጣ የተቀላቀለበት እንደነበር ያሳያል። መለያው ቀላል ነው፦ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ። ንጹሕ ነጭ ጋዝ ተኖ ይጠፋል፤ ናፍጣ ያለበት የዘይት ክብ ጥሎ ይቀራል።

ለውጭው የሎሚ ጭማቂና ውኃ፣ ከሩብ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ። ከዚያ በላይ ከቆየ ናሱ ሮዝ ይሆናል፤ አሲዱ ከላዩ ዚንኩን አውጥቶ መዳቡን ብቻ ይተወዋል። ከሎሚው በኋላ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውኃ ማለቅለቅ ግድ ነው። አሞኒያ ያለበት የናስ ማጽጃ ወደዚህ ዕቃ አይጠጋም።

ዓርብ

የአሞኒያው ነገር ዛሬ ታየ። ታንኩ ሲጸዳ ከታችኛው ጠርዝ በላይ የፀጉር ያህል ቀጭን ሁለት መስመሮች ወጡ፤ አንዱ 9 ሚሊ፣ ሌላው 4 ሚሊ ርዝመት።

ናስ በቀዝቃዛው ተጨፍልቆ ቅርጽ ሲይዝ ውስጡ ውጥረት ይቀራል። በዚያ ላይ አሞኒያና እርጥበት ከተጨመሩ ብረቱ ምንም ሳይነካው ራሱን ይሰነጥቃል። ጋጣ ውስጥ ደግሞ አሞኒያው ከከብት ሽንት ይመጣል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ይህንኑ ያየው በጥይት ቀለሃዎቹ ላይ ነው፤ በክረምት ፈረስ በሚታሰርበት አካባቢ የተከማቹት እየተሰነጠቁ ተገኙ። ምክንያቱ በሚገባ የተብራራው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ከከተማ ወጣ ባለ ግቢ አሮጌ የናስ ዕቃ ያለው ሰው ከጋጣና ከዶሮ ቤት ያርቀው።

ፍተሻው በአየር ሳይሆን በውኃ ነው። በአየር የተሞላ ታንክ ቢፈነዳ ይበተናል፤ በውኃ የተሞላ ግን ስንጥቁ ሲከፈት ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል፣ ምክንያቱም ውኃ አይታመቅም። ታንኩ አየር ሳይቀርበት ጢም ብሎ ተሞላ፤ ራሱ በሚገጠምበት በኩል የግፊት መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ተያያዘ። በሥራ ላይ ግፊቱ 1 ባር አካባቢ ስለሆነ መመዘኛችን 2 ባር ነው። ረጅሙ ስንጥቅ 1 ባር ሳይሞላ አላበ። አጭሩ አላላበም።

የስንጥቅ ብየዳ ላይ ብዙ ሰው ወደ ናስ ብየዳ ይሮጣል። አይሆንም፤ ያ ሙቀት የታንኩን ናስ ያለሰልሰዋል፣ የፋብሪካውንም ስታኞ ሁሉ ያፈታዋል። የተደረገው፦ የስንጥቁ ሁለት ጫፎች በ1 ሚሊ መሰርሰሪያ ተበሱ፣ መስመሩ ከዚያ እንዳይሄድ። ዙሪያው በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ተፋቀ። ከ0.5 ሚሊ የናስ ላሜራ፣ ማዕዘኖቹ የተሞረዱ፣ ከስንጥቁ በየአቅጣጫው 8 ሚሊ የሚያልፍ ቁራጭ ተቆረጠ፤ ታንኩም ቁራጩም በየራሳቸው በስታኞ ተለብጠው ከተገጣጠሙ በኋላ ሞቁ። አጭሩም እንዲሁ ተለበጠ። 2 ባር ላይ ግማሽ ሰዓት መርፌው አልተነቃነቀም። ስንጥቁ የጣት ያህል ቢሆን ወይም ትከሻው ላይ ቢሆን ኖሮ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር እንጂ አይነድም።

ቅዳሜ

የፓምፑ ቱቦ ጫፍ፣ ታንኩ ውስጥ፣ አየር አስገብቶ የማይመልስ ትንሽ ባልቦላ አለ። መበላሸቱ ሳይፈታም ይታወቃል፦ ተነፍቶ ሲለቀቅ የፓምፑ እጀታ በራሱ ተገፍቶ ከወጣ፣ ወይም በፓምፑ በኩል ነጭ ጋዝ ከተፋ፣ ጥፋቱ እዚያ ነው።

አወጣጡ የጠቅላላ ሥራው አስቸጋሪ ቦታ ነው። ባልቦላው ከረጅም ቱቦ ሥር ስለሆነ በካቻቢቴ አይደረስበትም፤ ጥርሱን በኃይል መጠምዘዝ ደግሞ የቱቦውን ጫፍ ይዞት ይዞራል። ቶርኖ ቤት ባለ 12 ሚሊ የብረት ዘንግ ጫፉ ከባልቦላው ጉድጓድ ጋር ልክ እንዲገጥም ተደርጎ ተሠራ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ገብቶ አደረ፣ ጫፉ በፈላ ውኃ ተነከረ፤ ከዚያ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ትንሽ ዞሮ ወደ ኋላ ተመለሰ። ወጣ። ውስጡ ቀጭን ሞላና የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ተገኘ፤ ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው ያስገባው ነው። በፋብሪካው የነበረው ቡሽ ነው።

ላስቲኩ ለምን እንደማይሆን በሲኒ ውስጥ ይታያል። ነጭ ጋዝ ባለበት ሲኒ ሁለት ቁራጭ ተዘፈዘፈ፦ አንዱ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ሌላው ከናፍጣ ፓምፕ የጎማ ማኅተም፣ ሁለቱም 3 ሚሊ ውፍረት። ካደሩ በኋላ የመጀመሪያው ከ4 ሚሊ አልፏል፣ ሲጫኑትም እንደ ሊጥ ይሰጣል፤ ሁለተኛው እዚያው 3 ሚሊ ላይ ነው። ያበጠ ላስቲክ ሞላውን ገትሮ አየር አያስገባም፤ ሲለሰልስ ደግሞ አይዘጋም። ከናፍጣው ማኅተም 5 ሚሊ ስፋት ያለው ክብ ተቆርጦ ገባ። የመሙያው ክዳንም ከዚያው ተቆርጦለታል።

የፓምፑ ቆዳ፦ የቱቦው ውስጥ 17 ሚሊ ነው። 1.5 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ በዛፍ ልጥ የለፋ የጥጃ ቆዳ 25 ሚሊ ክብ ተደርጎ ተቆረጠ፤ መሐሉ እንደ ዘንጉ ብሎን ተበሳ። ለብ ባለ ውኃ ከራሰ በኋላ 17 ሚሊ ቀዳዳ ባለው እንጨት ውስጥ ባለ 14 ሚሊ ዘንግ ተጭኖበት ደረቀ፤ የጽዋ ቅርጽ ያዘ። ከዚያ በጉሎ ዘይት ሌሊቱን ተነከረ። ቅቤ የሚቀባ አለ፤ በብርድ ይረጋል፣ ከሰነበተም ቆዳውን ያደርቀዋል። የጽዋው አፍ ወደ ታንኩ ያይ፤ የተገለበጠ ቆዳ አየር አይገፋም።

ሰኞ

ራሱ። ከውስጥ በከሰል ተደፍኗል። መጀመሪያ ኖዝሏ ወጣች። ቀጥሎ ራሱ ፍም ላይ ደብዘዝ ብሎ እስኪቀላ ጋለና ውኃ ውስጥ ተጨመረ፤ ድንገት ሲቀዘቅዝ ከሰሉ ከግድግዳው ይላቀቃል። ቱቦዎቹ በእንጨት መዶሻ ተመትተው፣ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ገብቶባቸው፣ ሦስት ጊዜ ያህል ተደግሞ በአፍ ሲነፋ አየሩ ያለ ችግር አለፈ። ራሱ በጠንካራ ብየዳ የተያያዘ ስለሆነ ይህን ይችላል፤ ስታኞ የነካው ራስ ካለ ግን መጀመሪያ በነደደበት ቀን ይፈታል።

ኖዝሏ ተበስታለች። ለዚህ መጠን የሚሆነው 0.32 ሚሊ አካባቢ ነው። በዚህችኛዋ የ0.5 ሚሊ መሰርሰሪያ እየተንሸራተተ ይገባል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የቀዳዳው ስፋት ሲሰላ ግን ከ2.4 እጥፍ በላይ ነዳጅ ማለት ነው። ቡራዩ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ነዳጁ በዝቶ አየሩ አንሶ ጥላሸት የማይቀር ነበር፤ ድስት የሚያጠቁር ፕሪሙስ ሁሉ መጀመሪያ ኖዝሉ ይለካ። የብር አንጥረኛ ቀዳዳውን በብር ብየዳ ደፈነው፤ ከዚያ የኤሌክትሮኒክስ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት 0.3 ሚሊ መሰርሰሪያ፣ በእጅ መያዣ፣ በቀስታ ተበሳ። ለከፍታው ከ0.32 ማነሱ ይስማማል።

መውጊያው ከጊታር ክር ተሠራ፤ 0.010 የሚባለው ቀጭኑ ክር 0.25 ሚሊ ነው። በስፌት መርፌ መውጋት ነው እንዲህ ዓይነቱን ቀዳዳ የሚያሰፋው።

በራሱና በቱቦው መሐል የሚገባው ሮንዴላ በድሮው እርሳስ ነው። ከጎማ ማመጣጠኛ ክብደት የሚቀልጠው እርሳስ ጠንካራ ስለሆነ አይታሽም። 1.5 ሚሊ መዳብ ተቆርጦ፣ እስኪቀላ ግሎ በውኃ ተነክሮ ለስልሶ ገባ።

እግሮቹ፦ ባለ 6 ሚሊ ለስላሳ ዘንግ፣ ጫፋቸው ጥርስ የወጣለት፣ በዳዶ የታሰሩ። የድስት ቀለበቱ ከ5 ሚሊ ዘንግ ተጠቅልሎ ተበየደ።

ማክሰኞ

ማብራት። ነጭ ጋዙ ከታንኩ ሦስት አራተኛ አይለፍ፤ ለሚታመቀው አየር ቦታ ይፈልጋል። ቤንዚን ፈጽሞ አይገባም። የአየር ብሎኑ ክፍት ሆኖ የአልኮል ሳህኑ ጢም ብሎ ተሞልቶ ተለኮሰ። አልኮሉ ሊያልቅ ሲል ብሎኑ ተዘጋ፣ አራት ጊዜ ተነፋ። ቢጫ ነበልባል ወደ ላይ ተወረወረ፤ ራሱ ሳይግል ነጭ ጋዙ በፈሳሽነቱ ወጣ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብሎኑን ከፍቶ ግፊቱን መልቀቅ እንጂ መንፋት አይገባም። ቡራዩ በጠዋት ብርድ ስለሆነ አንድ ሳህን አልኮል አይበቃም፤ ሁለተኛ ተሞልቶ ሲያልቅ ሰማያዊው እሳት ያዘ፣ ማጓራቱም ጀመረ። ከዚያ ሃያ ጊዜ ያህል ተነፋ።

1 ሊትር ውኃ ከ18 ዲግሪ ተነሥቶ በ5 ደቂቃ ተኩል ፈላ፤ እዚህ ከፍታ ላይ የሚፈላው በ91 እና 92 ዲግሪ መሐል ነው። የነበልባሉ ጫፍ ቢጫ አልሆነም፣ የድስቱ ቂጥ ነጭ እንደሆነ ወጣ። ሳሙና የተቀባባቸው መጋጠሚያዎች ሁሉ አረፋ አላወጡም፤ ከክዳኑ በስተቀር። ክዳኑ በእጅ ሩብ ዙር ሲጨመርበት ዘጋ።

መወልወሉ ለነገ ነው፤ በአመድና በሎሚ፣ ፊደሎቹ ያሉበት ቦታ ሳይነካ። ከዚያ በኋላ ታንኩ ባዶውን፣ የአየር ብሎኑ ተከፍቶ፣ ከጋጣው ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ቆዳው በየሁለት ወሩ ሁለት ጠብታ የጉሎ ዘይት ይፈልጋል፤ በስታኞ የተለበጠው ቦታ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ 2 ባር ላይ በውኃ ይፈተሻል።